ሰይድ የለመነው እንቁላል

እንቁላል በጋለ ዘይት ላይ ሲፈስ የሚያሰማውን ጩኸት በሰማሁ ቁጥር፣ ደሴ ካለችው ጠባብ ኩሽናዬ ወጥቼ ሐይቅ ከተማ ዳር ወደነበረው የጭቃ ቤታችን እመለሳለሁ፤ እናቴ ሻሿን ወደ ኋላ አስራ እሳቱ ላይ አጎንብሳ፣ አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ይታዩኛል።

ያኔ ቻይናዎች መንገድ ሊሠሩ መጥተው፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ሜዳ ላይ ዙሪያውን በቆርቆሮ የታጠረ ካምፕ ተክለው ነበር። እናቴ ዘሀራ እዚያ ወጥ ቤት ተቀጥራ አትክልት ትከትፍ፣ ዕቃ ታጥብ ነበር። ዋናው ምግብ ሠሪ ሊ የሚባል፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ያለ ጎልማሳ ሲሆን፣ የአገሬው ሠራተኞች ግን «ጋሽ ሊ» ይሉት ነበር። እናቴ አመሻሽ ላይ ተመልሳ እግሯን እየታጠበች የዋለችበትን ስታወራልን፣ እኔና ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ተረት እንደሚነገረው ሰው አፋችንን ከፍተን እንሰማት ነበር። ደጋግመን የምናስወራት የእንቁላሉን ነገር ነበር፤ ጋሽ ሊ ከምሳ የተረፈውን ሥጋ አድቅቆ ከትፎ፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና የሽንኩርት ቅጠል ጨምሮ፣ ዘይቱ እስኪጨስ አግሎ ካቁላላው በኋላ፣ በሁለት ቀጫጭን እንጨቶች አረፋ እስኪያወጣ የመታውን እንቁላል ከላይ ያፈስበታል፤ ዳር ዳሩ ሲነፋፋ መጥበሻውን ከፍ አድርጎ ይገለብጠውና እንደ ጋቢ ያጥፈዋል።

ሰይድ ምራቁን እየዋጠ «እማዬ፣ አንድ ቀን ሥሪልን» ይላት ነበር።

«አባትህ ሳይፈቅድማ አላደርገውም» ትለዋለች።

አባቴ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለች ቁራጭ መሬት የሚያርስ፣ ሶላቱን የማያሳልፍ፣ ቃሉን የማያጥፍ ሰው ነበር። በካምፑ ውስጥ የአሳማ ሥጋ እንደሚበላ በሰፈሩ ሲወራ፣ እናቴ የሷ ቢላና ድስት የተለየ መሆኑን ምላ ብትነግረውም፣ «ሥራሽን ሥሪ፤ የነሱ ምግብ ግን፣ የተማርሽውም ቢሆን፣ ከዚህ ደጃፍ አይለፍ» ብሎ ዘጋው። ሰይድ ሲለምን አባቴ መቁጠሪያውን እየቆጠረ ዝም ይል ስለነበር፣ የማይሰማ ይመስለን ነበር።

ክረምቱ ሲገባ ሰይድ «ኮምቦልቻ ሥራ አግኝቻለሁ» ብሎ፣ አንዲት ሸሚዝ በፌስታል ይዞ በጭቃው መሃል እየዘለለ ሄደ። ከዚያ በኋላ የደወለው ከጅቡቲ ነበር። «ባሕሩን ልንሻገር ነው፣ ዱዓ አድርጉልኝ» አለ፣ መስመሩም ተቋረጠ። ያን ክረምት እናቴ ስልኳን ከጡቷ ሥር ሸጉጣ ትውል ነበር፤ አባቴ ደግሞ ከእርሻ ሲመለስ ወደ ቤት አይገባም፣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ ከመኪና የሚወርደውን ሰው ሁሉ ይመለከት ነበር። ሁለቱ ግን ስለ ሰይድ አንድ ቃል አይነጋገሩም ነበር።

ጤፉ ቢጫ መሆን ሲጀምር፣ አብሮት የሄደ የሰፈራችን ልጅ ከየመን ደውሎ ጀልባዋ መገልበጧን ተናገረ። ሬሳ ሳይኖር ተሰገደበት። ዘመዶቻችን ከአምባሰል ወረዱ፤ በግ ታርዶ ሰደቃ ወጣ፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ውኃ ቀዱ፣ እንጨት ፈለጡ፣ እናቴን ደግፈው አብረዋት ዋሉ። አባቴ ግን ውኃ ብቻ እየተጎነጨ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሽማግሌዎቹ «የሰይድ አባት፣ ነፍስህን አትበድላት፤ አላህ አይወደውም» እያሉ ቢለምኑትም አልዞረም። ጉንጩ ሟሸሸ፣ ዓይኑ ወደ ውስጥ ገባ፤ እኔም ወንድሜን ቀብሬ ሳልጨርስ አባቴን ልቀብር ነው ብዬ እሰጋ ጀመር።

ለቀስተኛው እየሳሳ በሄደበት አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ሊ መጣ። ጫማውን ደጅ አውልቆ፣ ትልቅ ፌስታል በሁለት እጁ ይዞ ገባና አባቴ አጠገብ አስቀመጠው። ፌስታሉ ውስጥ በገለባ የተጠቀለለ እንቁላል፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና የሽንኩርት ቅጠል ነበር።

«የኔ ድስት አባባ አይበላም» አለ በተሰባበረ አማርኛ። «እኔ ያውቃል። ይሄ ጥሬ ነው። ዘሀራ ይሠራል።»

አባቴ ዞረ። ሰውየውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፣ ከዚያ ክንዱን ተደግፎ በመከራ ተነሥቶ ተቀመጠና ከጎኑ ምንጣፉን መታ መታ አደረገለት።

«ልጅ አለህ?»

«አንድ ወንድ። ሩቅ ነው። ብዙ ጊዜ አላየም።»

አባቴ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ዘሀራ» አለ፤ «እንግዳችን ጦሙን አይሄድም። ያንን ሰይድ ሲለምንሽ የነበረውን ሥሪው።»

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። የልጁን ስም በአባቴ አፍ ስንሰማ መርዶውን ከሰማን ወዲህ የመጀመሪያችን ነበር። ከሰደቃው የተረፈውን ሥጋ አውጥታ መክተፍ ጀመረች፤ እኔ እንቁላሉን ስመታላት እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ይወርድ ነበር፣ እሷ ግን አልጠረገችውም። አጥፋ በሳህን ስታቀርበው አባቴ «ቢስሚላህ» ብሎ ቆረሰና አላመጠ። ሲውጠው እንደ ሕፃን ጮኾ አለቀሰ። ጋሽ ሊ ትከሻውን ይዞ «አይዞህ፣ አይዞህ» አለው፤ እሱም በእጁ እየቆረሰ አብሮት በላ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ጥቂት ጥቂት እያለ ወደ ምግብ ተመለሰ። በጋው ሲያልቅ መንገዱም አልቆ ካምፑ ተነሣ፤ ጋሽ ሊ ሊሰናበተን መጥቶ ከአባቴ ጋር ተቃቅፈው ተለያዩ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውን ሰምተን አናውቅም። አባቴ እስኪሞት ድረስ፣ ለሰይድ ሰደቃ በወጣ ቁጥር በማግሥቱ ያ እንቁላል ይሠራለት ነበር።

አሁን ልጆቼ «የቻይና እንቁላል» እያሉ በሹካ ይበሉታል። እናቴ ሐይቅ ብቻዋን ትኖራለች፤ መንገዱ ደህና ስለሆነ ከደሴ ቶሎ ይደረሳል፣ እኔ ግን ሥራ እያልኩ አልፎ አልፎ ነው የምሄደው። ያኔ በሰደቃው ቤታችን ሥጋ የሚተርፈው ሰው ሁሉ የያዘውን ይዞ ስለሚመጣ ነበር። ዛሬ የኔ ማቀዝቀዣ ሁልጊዜ የተረፈ ምግብ አያጣም፤ የሚተርፈው ግን የሚበላው ሰው ስላልመጣ ነው።