የአምስት ዓመቱ ሎሚ

በደርግ ጊዜ፣ ጎንደር ውስጥ ከቀሐ ወንዝ ብዙም በማይርቀው ጓሯችን፣ ከፍሬው ዘርቼ ያበቀልሁት አንድ ሎሚ ነበረኝ። አምስት ዓመቱ ነበር፤ ቁመቱ ከእኔ በአንድ ክንድ ይበልጣል። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሥሩን እኮተኩታለሁ፤ የምድጃ አመድ በትንሽ በትንሹ እነሰንስለታለሁ፤ የወፍ ኩስ መስሎ ቅጠሉ ላይ የሚለጠፈውን ትል እየለቀምሁ ለዶሮዎቻችን እሰጣለሁ። ይህን ሁሉ የተማርሁት ባለሱቁ በርበሬ ሊጠቀልልበት ሲገነጣጥለው ካስጣልሁት የእርሻ መጽሐፍ ነው። ስለ ፍሬ የሚናገረው ምዕራፍ ግን እኔ ከመድረሴ በፊት በርበሬ ተቋጥሮበት ሄዷል። ሎሚዬም እሾህ እንጂ ፍሬ አላወጣም።

በጥር መጀመሪያ የቀበሌው ሊቀመንበር ከጸሐፊው ጋር መጡ። በየጓሮው ጎመን እንዲተከል የታዘዘበት ሰሞን ነው። ሊቀመንበሩ በዕድሜ የገፉ፣ ድሮ ቆላ ያረሱ ሰው ናቸው።

“ምነው፣ ይሄ ሎሚ አያፈራም እንዴ?” አሉ።

“ያፈራል፣ አያ” አለች እናቴ፣ “ጓድ” ማለቱን ረስታ። “ገና አምስት ዓመቱ ነው፤ ልጄ እንደ ሙሽራ ነው የሚይዘው።”

“ሙሽራ ከሆነ ይውለዳ። አብዮቱ ሥራ ፈት አይቀልብም። በሳምንቱ እንመለሳለን፤ ፍሬ ካላየን ተቆርጦ ጎመን ይተከልበታል።”

ጸሐፊው መዘገበ። ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ጎረምሳ ነው። ጥምቀት ሲቃረብ በየስብሰባው እየተነሣ፣ ወንዶች ለወደዷት ልጅ ሎሚ መወርወራቸው ኋላ ቀር ልማድ መሆኑን ያስተምራል።

ቀጠሮው የዋለው በከተራ ዋዜማ ነው። ማለዳ ገበያ ወርጄ አረንጓዴ አረንጓዴውን ሎሚ ሁሉ ለቅሜ ገዛሁ፤ አሥራ አንድ ሆነ። ከእናቴ የስፌት ማኪና አረንጓዴ ክር ወስጄ በእያንዳንዱ ሎሚ አናት በመርፌ አሳለፍሁና፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ ሦስት ጣት ዝቅ እያልሁ ከቅጠል ሥር አሰርሁ። ልብስ ልታሰጣ የወጣችው እናቴ ቆም ብላ አየችው።

“ትናንት እንኳ አላረገዘም ነበር” አለችና ወደ ቤት ገባች።

ሊቀመንበሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ዛፉን አንድ ጊዜ ዞሩት። “ሸጋ ሎሚ ነው” ብለው ወደ ጎመኑ መደብ አለፉ። ጸሐፊው ግን አንዱን ይዞ ሳበው። ክሩ አብሮ መጣ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

“ጠዋት ገበያ ወርጄ ነበር” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “አንድ ዝምተኛ ልጅ ሎሚውን ጠርጎ ወሰደው አሉኝ።”

“ሎሚ ለምን ፈለግኸው?”

“ለሳል።”

አንዴም አልሳለም። “ለሳል አንድ ይበቃል” አልሁት።

“የእኔ ከባድ ነው። አራት።”

“ጓድ ጸሐፊ፣ አፍርቷል ወይስ አላፈራም?” አሉ ሊቀመንበሩ ከጎመኑ በኩል።

“በሚገባ አፍርቷል፣ ጓድ ሊቀመንበር” አለና አራቱን ኪሱ ከትቶ ጻፈ።

ዛፌ ተረፈ ብዬ ጥምቀትን በደስታ አሳለፍሁ። ከበዓሉ በኋላ ግን መልእክት መጣ፦ በአምስት ዓመቱ ያፈራ ሎሚ ለቀበሌው አርአያ ስለሆነ፣ እሑድ በስብሰባው ላይ ቀርቤ አተካከሉን እንዳስተምር።

ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ስለ አመዱ፣ ስለ ኩትኳቶውና ስለ ትሉ የማውቀውን ተናግሬ ልቀመጥ ስል አንዲት ሴትዮ ተነሡ።

“ልጄ፣ ከዘር የበቀለ ሎሚ በስንት ዓመቱ ነው የሚያፈራው?”

የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ በብርቱ ሳለ። ቁጥር ላይ መዋሸት አይሆንልኝም።

“ገበያ ሎሚ ሻጮቹን ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ስድስት ወይም ሰባት።”

“ያንተስ?”

“አምስት ዓመቱ ነው።”

 ሊቀመንበሩ ትኩር ብለው አዩኝ።

“እኔ ሎሚ ሥር ነው ያደግሁት” አሉ በመጨረሻ። “ሎሚ አበባውንም፣ እንጭጩንም፣ የደረሰውንም ባንድ ጊዜ ይዞ ነው የሚገኝ። ያንተዎቹ ግን ሁሉም እኩዮች ነበሩ። አበባ የሚባል አላየሁበትም።”

ዛፉ አለቀለት ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

“የአምስት ዓመት ሎሚ ፍሬ መጠየቄ ግን የእኔ ጥፋት ነው” አሉና ወደ ጸሐፊው ዞሩ። “ጻፍ። በቀበሌያችን ሰባት ዓመት ያልሞላው ሎሚ ፍሬ አይጠየቅም፤ አይቆረጥም። አንተ ደግሞ ሁለት ዓመት አለህ። ቁጭ በል።”

ቁጭ አልሁ። እናቴ አጠገቤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ትንቀጠቀጥ ነበር። ታለቅሳለች ብዬ ደነገጥሁ፤ ሳቅ መሆኑን ያወቅሁት ውጭ ስንወጣ ነው።