የዲኑ መልስ

እልኸኛ ነኝ፤ እናቴ ትመስክር። የሕግ ተማሪዎች ጋዜጣ እናውጣ ሲባልም አዘጋጅነቱን የተሻማኝ የለም። "ለእሷ ስጧት፣ እሷን ማንም አያደክማትም" ብለው ጣሉብኝ። ኮሌጃችን ሳሪስ አንድ ፎቅ ላይ ያለ የግል ኮሌጅ ነው፤ የምንማረው ቅዳሜና እሁድ። ከታች ጫማ ይሸጣል፣ ከላይ እኛ ሕግ እንማራለን። ጋዜጣችን አራት ገጽ ብቻ ነበረች፤ እኛ ግን ተሸክመናት ስንሄድ መንገዱ አይበቃንም ነበር።

እንደ ተሾምኩ አንድ ደንብ አወጣሁ። ስለ ማንም ሰው ወቀሳ ከጻፍን፣ ከጎኑ እኩል ቦታ ለመልሱ እንተውለታለን። አልመልስም ካለ ቦታው ባዶውን ይወጣል። "ሰው ሳይሰማ አይፈረድበትም" እያሉ ጧትና ማታ የሚያስተምሩን እነሱ አይደሉ እንዴ?

ታዲያ ፋሲካ ሊደርስ ሲል አንዲት የክፍላችን ልጅ ተባረረች። እሷም እንደ እኔ የአቃቂ ልጅ ናት። ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ሚኒባስ እንመጣለን፤ እሷ ግን ገና ከመቀመጧ መስኮቱን ተደግፋ እንቅልፍ ስለሚወስዳት ብዙም አናወራም። ፈተና ላይ ፈታኙ መዳፏ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፉ ቁጥሮች አየባት። በሕግ ፈተና ቁጥር ማለት ያው አንቀጽ ነው፤ ወረቀቷን ነጥቆ አስወጣት። በሳምንቱ መባረሯ በኮሌጁ ዲን ፊርማ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። ለመመረቅ የቀራት አንድ መንፈቅ ብቻ ነበር።

አንብባ ስትወጣ ደረጃው ላይ ደረስኩባት።

"የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠራሽ ምን አልሽ?"

"አልጠሩኝም።"

"እንዴት አልጠሩሽም? እሺ ቁጥሩ ምን ነበር?"

"የፈረዱብኝ ይጠይቁኝ፣ ለእነሱ እነግራቸዋለሁ። የጋዜጣ ወሬ መሆን አልፈልግም" አለችና ሄደች። ኩራቷ አናደደኝ፤ ደግሞም ወደድኩላት።

ትኮርጅ አትኮርጅ አላውቅም ነበር። ስለዚህ ንጹሕ ናት ብዬ አልጻፍኩም። የጻፍኩት አንድ ነገር ነው፦ ይህች ልጅ ሳትጠየቅ ተፈረደባት፣ ትጠየቅ። ጽሑፉን ይዤ ዲኑ ዘንድ ገባሁ፤ መልስዎን ይስጡን አልኩ።

"ለልጆች ጨዋታ መልስ የለኝም። ይህ ነገር ከወጣ ደግሞ ጋዜጣም የለም፣ አንቺም የለሽም" አሉኝ።

እናቴ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "አንቺ ልጅ፣ በሞኝ ክንድ የዘንዶ ጉድጓድ ይለካል ሲባል አልሰማሽም? ዝም አይነቅዝም፤ ተመረቂና ከዚያ እንደ ልብሽ ትናገሪያለሽ።" አንጀቴን በላችኝ፤ ያስተማረችኝ ጉልት ተቀምጣ ነው። ግን ዛሬ ዝም ብዬ ነገ ጠበቃ ብሆን፣ ለማን ልቆም ነው? እኔስ እዚያ ሰሌዳ ላይ ስለጠፍ ማን ይጠይቅልኛል? ይወጣል አልኩ።

ጋዜጣዋን የምታባዛልን ሳሪስ አቦ አካባቢ ያለች የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ነበረች። ባለቤቱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ሲበዛ ደግ፣ ጋሼ እንላቸዋለን። "የዲኑ መልስ" ከሚለው ርዕስ ሥር ባዶ ይተው ብዬ ጽሑፉን ሰጠኋቸውና ወደ ክፍል ሮጥኩ። ስመለስ ተባዝቶ፣ ታስሮ ጠበቀኝ፤ ገልጬ ሳላይ ወስጄ ለተማሪው በተንኩት።

ብዙም ሳይቆይ ኮሪደሩ በሳቅ ተናወጠ። ምን ጉድ ነው ብዬ አንዱን ቅጂ ብገልጥ፣ በግራ በኩል የእኔ ጽሑፍ "ተማሪዋ ለምን አልተጠየቀችም?" ይላል። በቀኝ፣ "የዲኑ መልስ" በሚለው ሥር፣ በአበባ ታጥሮ፦ "እንኳን ለትንሣኤ በዓል በሰላም አደረሳችሁ!"

ወይኔ አፈር ስሆን! ጋሼ ለካ ባዶውን አይተው ደንግጠዋል። በበዓል ሰሞን የሚያባዙት መጽሔት ሁሉ የአለቃው መልካም ምኞት አለበት፤ እነዚህ ልጆች ረስተው ነው፣ ልሙላላቸው ብለው ከኮምፒውተራቸው አውጥተው ለጠፉልን። ክርስቲያን እንዳይከፋው አበባውን ጨምረው!

ዲኑ አስጠሩኝ። ጋዜጣዋ ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግታለች።

"እኔ ነኝ ይህን ያልኩት?"

"አይደሉም መምህር። የማባዣ ቤቱ ስህተት ነው፤ ለእሱ በጋዜጣችን ይቅርታ እንጠይቃለን።"

"ግቢው ሁሉ ሲስቅብኝ ውሏል! ያላልኩትን! ሰው እንዴት አፉን ሳይከፍት እንዲህ ይፈረድበታል?"

ያኔ ተናገርኩ፤ "መምህር፣ እኔም የጻፍኩት ይህንኑ ነው። የቀልዱን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ የጥያቄውን አልጠይቅም። ቢያባርሩኝም በሚቀጥለው እትም ቦታው ባዶውን ይወጣል፤ ማሽኑ አጠገብ ራሴ እቆማለሁ።"

ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። ጽሑፌን ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከዚያ ውጪ አሉኝ። ውጪ ማለት ከክፍሉ ይሁን ከኮሌጁ አልገባኝም ነበር፤ ከበዓሉ በኋላ ግን ኮሚቴው ልጅቷን ጠራት። ጓደኛ ይዛ ትግባ ስለተባለ እኔም አብሬያት ገባሁ።

ዲኑ ቀስ ብለው ጠየቋት። "መዳፍሽ ላይ የነበረው ቁጥር ምንድነው?"

መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ዛሬም ቁጥር አለበት፣ ሌላ ቁጥር። "የማሽን ቁጥር ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነው የምሠራው፣ የሌሊት ፈረቃ። ስንገባ አለቃችን የደረሰንን የሽመና ማሽን ይነግረናል፣ እንዳንረሳ እጃችን ላይ እንጽፋለን። ጠዋት በቀጥታ ወደዚህ ነው የምመጣው። ፋብሪካው ደውላችሁ ጠይቁ።"

ከኮሚቴው ጋር የተቀመጠው ፈታኝ አንገቱን ደፋ። ለዚህ ነው ለካ ሚኒባስ ውስጥ የምትተኛው ብዬ እንባዬ መጣ። ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

"ታዲያ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?"

ቀና ብላ አየቻቸው።

"ማን ጠየቀኝ?"