የማይታሽ ትከሻ

በስፖርት ክለቡ የመጀመሪያ ቀን የሰጡኝ የአንድ ተከላካይ ጭን ነበር። ከፋብሪካው ክሊኒክ ወደ ክለቡ የተዛወርኩት ያን ዕለት ጠዋት ነው። ነጭ ጋውኔን እንደለበስኩ ወደ ሜዳው ወረድኩ። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡት የክለቡ ወጌሻ ጋሽ ተሰማ ቦርሳቸውን ከፍተው አሳዩኝ፤ ፋሻ፣ መቀስ፣ የቅባት ጠርሙስ፣ በረዶ የሚያዝበት ፔርሙስ።

ተጫዋቹን ቀስ ብዬ አሸሁት። ዝም ብሎ ተኛ። ጓደኞቹ ሳቁ።

«ጋሽ ተሰማ፣ ሲስተር እያሸችው ነው ወይስ እያስተኛችው?» አለ አንዱ።

ጋሽ ተሰማ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «እዚህ ሰፈር ካልጮኸ አልታሸም ነው የሚሉት፤ ልመጂው» አሉኝ።

ለመድኩት። ጡንቻ ሲሸማቀቅ ጠንከር ያለ እጅ ይጠቅማል፤ ስለዚህ ከተጫዋቾቹ ጋር ብዙም አልተጣላንም። ክለቡ እግር ኳስ፣ ሩጫና ክብደት ማንሳት ነበረው። የሁሉም ወጌሻ እኔ ሆንኩ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ተሳልሜ እገባለሁ፣ ማታ ወደ ልጆቼ እመለሳለሁ። ልጆቼን ያሳደግኩት በዚህ ሥራ ነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ከእነዚያ ዓመታት ሁሉ አብልጬ የማስታውሰው የሐያትን ትከሻ ነው።

ሐያት ክብደት አንሺ ነበረች። ቤተሰቧ ከወሎ መጥቶ አቃቂ የሰፈረ ነው፤ አባቷ አቶ ሰይድ ሲኖትራክ ይነዳሉ። ስሟ ሕይወት ማለት ነው፤ ልጅቷም እንደ ስሟ ሕያው ነበረች፤ ብረቱን ከጭንቅላቷ በላይ ስታደርስ ትስቃለች። ክለቡ አትሌቶቹን በዓመት ኮንትራት ይይዛል። ኮንትራቱ የሚታደሰው ከክለቦች ውድድር በኋላ ነው፤ ብረት የማያነሳ ቦታውን ያጣል።

ውድድሩ ሲቃረብ አሰልጣኝ ብርሃኑ ልምምዱን አጠበቀ። በየቀኑ ከራስ በላይ ማንሳት ሆነ። አንድ ቀን ሐያት ቀኝ ክንዷን በግራ እጇ አቅፋ ገባች።

«ሲስተር፣ ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር ነፍሴ ወጣች» አለችኝ።

ክንዷን ወደ ጎን እንድታነሳ ነገርኳት። ግማሽ ሳትደርስ ቆመች፤ ግንባሯን አላበው። የትከሻዋን ጫፍ ስነካው ይሞቃል። በዚያ ጎን መተኛት እንዳቃታትም ነገረችኝ።

አሰልጣኝ ብርሃኑ በሩ ላይ ቆሟል። «ሲስተር፣ ጠንከር አድርገው ይሹላት። ነገ ብረት ትንካ።»

«አላሻትም።»

«እንዴ! ለምን?»

«ግሏል። የጋለ ነገር አላሽም። ሐኪም ይየው።»

ሆስፒታል ወሰድኳት። ሐኪሟ በአልትራሳውንድ አየቻት። በትከሻ አጥንትና በጅማቱ መካከል ትንሽ የፈሳሽ ከረጢት አለች፤ እሷ ተቆጥታ አብጣለች አለችን። የሕመሙ ስም ቡርሳይተስ ነው። ያመጣው ሳያሳርፉ ደጋግሞ ከራስ በላይ ማንሳት ነው። ክንዷ እንዲያርፍ፣ በረዶ እንዲያዝበት፣ እብጠቱ ሲወርድ ቀስ በቀስ እንድትንቀሳቀስ አዘዘች። «ማሸትስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «አሁን አይታሽም» አለችኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ሐያት ክንዷን በነጠላ አንጠልጥላ መጣች። ትከሻዋ አብጦ በቅባት ያብረቀርቃል። አባቷ ከኋላዋ ቆመዋል። ሳሪስ ያለ ታዋቂ አሺ ዘንድ ወስደዋት ነበር።

«ሲስተር፣ አይቆጡን» አሉኝ። «ልጅ እያቃሰተች ዝም ብለን እንይ? እርስዎ በረዶ ብቻ ይይዙላታል። ሰውየው ግን ሠራ! ጩኸቷ እስከ አስፋልቱ ተሰማ።»

ይህን የተናገሩት ለሙገሳ ነው። አልተቆጣሁም። እኔም እናት ነኝ፤ ልጄ ስታቃስት እጄን አጣጥፌ መቀመጥ ይከብደኛል።

«አቶ ሰይድ፣ አጥንትና ጅማት እንዳይፋተጉ መሐላቸው እንደ ትራስ የተቀመጠች ነገር ናት ያበጠችው» አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡ። «ጎማው ሳይፋተግ የሚዞርበት ኩሽኔታ ነው አይሉኝም!»

«እንደዚያ ይበሉት።»

«ኩሽኔታ ግሎ፣ እኔ በመዶሻ አስመታሁት በላ!» ራሳቸውን ያዙ።

«አባዬ፣ አታስቀኝ፣ ያመኛል» አለች ሐያት።

«የጋለ ኩሽኔታ ይዤ ሞጆ አልወርድም። አቁሜ ነው የማየው።»

«እንግዲያው ያቁሙልኝ» አልኳቸው።

ከዚያ በኋላ አሺ ዘንድ አልሄዱም።

እብጠቱ እስኪወርድ ጠበቅን። ቀጥሎ በግራ እጇ ጠረጴዛ ተደግፋ ቀኟን ወደ መሬት ለቀቅ አድርጋ በቀስታ ታወዛውዛለች። ከዚያ ግድግዳ ፊት ቆማ የቀኝ ጣቶቿን ግድግዳው ላይ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ታራምዳለች። የደረሰችበትን በጠመኔ አሰምርላታለሁ። አንዳንድ ቀን ከትናንቱ መስመር ዝቅ ትላለች፤ ያን ቀን አታናግረኝም።

«ሐያት፣ ሸረሪት ሆንሽ እኮ!» አለ አጥቂያችን ሲያልፍ።

«ሸረሪትስ ትደርሳለች። አንተ ጎል ጋ መች ደረስክ?»

ሐኪሟ ስትፈቅድ አባቷ ያመጡልንን ከመነዳሪ፣ የጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ቆርጬ በር እጀታ ላይ አሰርኩ። ክርኗን ከጎኗ አጣብቃ እሱን ትስባለች።

ውድድሩ ያለ እሷ አለፈ። አሰልጣኝ ብርሃኑ ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከበላዩም አለቃ አለ።

«ሲስተር፣ ብረት የማታነሳ ክብደት አንሺ ኮንትራቷ ይታደስ ብዬ እንዴት ልጠይቅ?»

«እስከ ሐምሌ ታገሠኝ።»

«እስከ ሐምሌ። ከዚያ በላይ አይጠይቁኝ።»

ሐያት ቀትር ላይ በክብደት አዳራሹ ጥግ ምንጣፍ ዘርግታ ትሰግዳለች። የሰው ጸሎት አፍጥጬ አላይም። ግን ከታመመች ወዲህ ስትጀምር ግራ እጇ ጆሮዋ ጋ ሲደርስ ቀኟ ደረቷ ላይ እንደሚቀር አውቅ ነበር። መሬት ተደግፋ መነሳት ስላልቻለችም ወንበር ላይ ሆና ነበር የምትሰግደው።

ሐምሌ ገብቶ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ የበረዶ ባልዲ ይዤ በዚያ አለፍኩ። ወንበሩ የለም። ሁለቱም እጆቿ እኩል ተነስተው ጆሮዎቿ ጋ ደረሱ። ግንባሯን መሬት አስነካች፤ በሁለት እጇ ተደግፋ ተነሳች። ባልዲውን አስቀምጬ አማተብኩ።

ስትጨርስ ዞር አለች። «ሲስተር፣ ምን ሆኑ?»

«ምንም። ቀኝሽ ደረሰ።»

እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው። «አልሐምዱሊላህ። እኔ እኮ ልብ አላልኩትም።»

ሐኪሟ ዳግም አይታ ፈቀደች። አሰልጣኝ ብርሃኑን ጠራሁት። ሐያት ባዶውን ብረት ጨበጠች፣ ቀስ ብላ ከራሷ በላይ አደረሰች፣ ያዘች፣ መለሰች። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁላችንም ፊቷን ነበር የምናየው።

«ያማል?» አላት።

«አያምም።»

«እውነቱን።»

«ወላሂ አያምም!»

ኮንትራቷ ታደሰ። ብረት የሚጨመረው ግን እኔ ሳየው ብቻ እንዲሆን ተስማማን። አቶ ሰይድ በር ላይ ሆነው፣ «ኩሽኔታውስ?» አሉ። «ይዞራል» አልኳቸው።

ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። ሐያት ዛሬም ታነሳለች።

ቦርሳውን ለተረከበችው ወጌሻ የነገርኳት ይህን ነው። የጋለ ትከሻ አይታሽም። ይረፍ፣ በረዶ ይያዝበት፣ ሐኪም ይየው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀስ። ታማሚው ካልጮኸ ወጌሻው አልሠራም ማለት አይደለም።