ለዓይኗ ብላ

ልጄ ዓመት ሲሞላት ለምርመራ ወስጃት፣ ደሟ ውስጥ ሊድ ተገኘ ብለው ደወሉልኝ። እርሳስ የሚባለው ብረት ነው። እዚህ አሜሪካ፣ ታከር የሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግኩ ነበር። ነርሷ ቀስ ብላ አስረዳችኝ፦ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል፣ ንግግር ያዘገያል፣ የተጎዳው ደግሞ አይመለስም። «ቤታችሁ አሮጌ ነው?» አለችኝ።

አሮጌማ ነው! ቀለሙ እንደ ቅርፊት የሚረግፍ የኪራይ ቤት ነበር። ነርሷ ከድሮ ቀለም የሚወጣው አቧራ ነው መርዙ ስላለችኝ፣ ማታ ገብቼ ግድግዳውን ስሰድበው አመሸሁ። እናቴ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጥታ በዚያው የቀረች ናት፤ እኔና ባለቤቴ ሥራ ስንውል ልጅቷን የምትይዘው እሷ ናት። ነርሷ ያለችኝን ነገርኳት። በማግስቱ ተንበርክካ የመስኮቱን ደፍ ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ስትፈትግ አገኘኋት። «ይሄ የተረገመ ቤት ልጄን አይወስዳትም» አለች።

ሊዙን ብሬክ አድርገን፣ የኪራይ ውሉን አፍርሰን ማለት ነው፣ ኖርክሮስ የሚባል ከተማ አዲስ አፓርትመንት ገባን። ግድግዳው ገና አዲስ ቀለም ይሸታል። ተገላገልን አልኩ። ምን ተገላገልን! በድጋሚ ሲመረምሯት ጨምሯል።

ያን ሰሞን ጤነኛ ሰው አልነበርኩም። ውኃውን ጠረጠርኩ፣ አሻንጉሊቶቿን ጣልኩ፣ ባለቤቴን በር ላይ ጫማና ሱሪ አስወልቄ ማስገባት ጀመርኩ። «እኔ እኮ ታክሲ ነው የምነዳው፣ ማዕድን አልቆፍርም!» ይለኛል ብርድ እያንቀጠቀጠው። አልሳቅንም።

በመጨረሻ ከካውንቲው ጤና ቢሮ አንዲት ሴትዮ ተላከች። በዕድሜ የገፋች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ ሊድ የሚለካ፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ያለ መሣሪያ ይዛ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የልጅቷን አልጋ እየነካች አለፈች። ምንም የለም። ከአገር ቤት የመጣ ቅመም፣ ድስት፣ መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። በርበሬውንም ሽሮውንም ድስቱንም ደረደርኩላት። ምንም። «ሜካፕስ?» አለችኝ። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ እናቴ፣ እንኳን ሊፕስቲክ፣ የጥፍር ቀለም የነካ ሰው ስታይ ፊቷ ይጠቁራል። በዚህ ቤት ሜካፕ የሚባል ነገር አይገባም አልኳት፣ ኮራም ብዬ።

ሴትዮዋ ዕቃዋን እየሰበሰበች ሳለ እናቴ ልጅቷን አጥባ ከመኝታ ቤት ይዛት ወጣች። ሴትዮዋ ልጅቷን አየቻት፤ ከዚያ ቀረብ ብላ ዓይኗን አየች። «ይሄ ጥቁሩ ምንድነው?» አለችኝ።

«እሱማ ኩል ነው። የዓይን መድኃኒት እንጂ ሜካፕ አይደለም።»

ምን እንደተባባልን ለእናቴ ስነግራት ደስ አላት። ከትራሷ ሥር የኩሉን ብልቃጥ አምጥታ ራሷ ለሴትዮዋ ሰጠቻት። «ዓይን ያጠራል በያት። አንቺንም በእሱ ነው ያሳደግኩሽ። ያ ቤት መርዝ አለው ካልሽኝ ወዲህማ ጠዋትና ማታ ነው የምኩላት፣ አቧራው ዓይኗ ውስጥ እንዳይቀር።»

ሴትዮዋ መሣሪያውን ዱቄቱ ላይ ደገነች። ቁጥሩን አይታ ጓንት አጠለቀች። ሳትነግረኝ ገባኝ። ልጄ ዓይኗን ታሻሻለች፣ እጇን አፏ ውስጥ ትከታለች። ቀኑን ሙሉ ሥራዋ ይኸው ነበር።

ለእናቴ መንገር የኔ ዕጣ ሆነ። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «እኔ ነኝ?» አለች። ልዋሽላት ፈለግኩ፣ አልቻልኩም። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ «እኳላለሁ ብላ ዓይኗን አጠፋች ሲሉ እስቅ ነበር» አለች። ማቀፍ ነበረብኝ። ግን ተናድጄ ነበር፤ በእሷ ይሁን በራሴ ይሁን በአገሬ ዛሬም አላውቅም። ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ አለቀስኩ።

ሴትዮዋ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ወሰደችው። የልጄ ደም ውስጥ ያለው ሊድ በወራት ቀስ እያለ ወረደ። የቀረውን ጊዜ ያሳያል ይላሉ ሐኪሞቹ፤ እነሱም አያውቁትም። ቸርች ውስጥ እኩዮቿ እየተንጫጩ ሲሯሯጡ የኔዋ በጣቷ ታሳያለች እንጂ አትናገርም። እናቴ አዲስ አበባ ልመለስ አለች፤ ለምኜ አስቀረኋት።

ልጄ ሁለት ዓመት አልፏታል። አሁንም ገላዋን ባጠብኳት ቁጥር ሮጣ አያቷ ፊት ትቆማለች። አገጯን ቀና አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትጠብቃለች። እናቴ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ደብቃ ትቀመጣለች። ትንሽ ቆይታ ልጅቷ ዓይኗን ትገልጥና የአያቷን ፊት ታያለች። ለምን እንደማትኩላት እንዳትጠይቃት፣ ገና አፏን አልፈታችም።