ምራት የማትጠራው ስም

ኖዙኮ ባሏ ሲሞት ወደ ወንድሟ ቤት ለምን አልተመለሰችም? ጎረቤት ሁሉ የየራሱን መልስ ይሰጣል፤ እሷን የጠየቃት ግን የለም፤ ብትጠየቅም የምታውቀው አይመስልም። በኬንታኒ ኮረብታ ላይ ባለችው ጎጆ ከባሏ አባት ጋር ቀረች።

ሽማግሌው ልጁን ከቀበረ ወዲህ መጀመሪያ ኮፍያውን ረሳ፤ ቀጥሎ የልጁን ሞት፤ በመጨረሻ ዕድሜውን። በር ተከፍቶ ካገኘ በሬዎቹን ፍለጋ ይወጣል፤ በሬዎቹ ካለቁ ግን ቆይተዋል። ስለዚህ ኖዙኮ በሩን ቆልፋ አብራው ትታሰራለች።

መውጫዋ ሐሙስ ብቻ ነበር። የሽማግሌው ታናሽ ወንድም ሚስት፣ ኖሊታ፣ ስትጠብቅላት ኖዙኮ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ትሄዳለች። እዚያ የመርሳት ሕመምተኛ የሚያስታምሙ ሴቶች ይገናኛሉ። አንድ ሐሙስ የምታሰባስባቸው ነርስ ቫቲስዋ፣ «ሲደናገጥ እናቱ በምትጠራው ስም ጥሩት» አለች።

«ይሄን ለሌሎቹ ንገሪ፣ እህቴ» አለች ኖዙኮ። «እኔ ምራት ነኝ። የባሌን አባት ስም እንኳን ልጠራ፣ የሚመስለውንም ቃል ዘልዬ ነው የማልፈው።»

«እንግዲያ በፉጨት ጥሪው» አለች አንዷ። ኖዙኮም አብራ ሳቀች፤ የምትስቀው እዚያ ብቻ ነበር።

ስትመለስ ኖሊታ ከጎጆዋ በታች ባለው ወንዝ ዳር ቆማ ታለቅሳለች። አምልጧት ኖሮ ሽማግሌው እስከ ወገቡ ውኃ ውስጥ ገብቷል።

«ታታ፣ አባቴ፣ ይውጡ» አለች ኖዙኮ።

«የማን ታታ ነኝ? ልጅ አይደለሁ እንዴ? በሬዎቹን ይዤ ነው የምመጣ» አለና ወደ ጥልቁ ተራመደ።

ኖሊታ የኖዙኮን ክንድ ጨመቀች። «አፍሽን ጠብቂ። ወንዶቹን እንጥራ።»

ወንዶቹ ሩቅ ነበሩ። «ዱሚሌ» አለች ኖዙኮ፤ «ዱሚሌ፣ ቤት ግባ።»

ዞር አለ። «መጣሁ፣ እማ» ብሎ ወጣ።

«ስሙን ጠርተሽ የሙታን አባቶቹን ጆሮ አቆሰልሽ» አለች ኖሊታ። «ጠላ ጠምቀሽ ይቅርታ ትለምኛለሽ።»

ጠመቀች፤ ሙታኑም ይቅር እንዳሏት ተነገራት። አልለቅ ያላት ሽማግሌው ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቱ ሆነች። ቀሚሷን ይዞ ይከተላታል፤ ከዓይኑ ከተሰወረች ያለቅሳል፤ ሌሊትም እየተነሣ መኖሯን በእጁ ይዳብሳል። ሐሙስ ቀረ።

ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ቫቲስዋ ሴቶቹን አስከትላ፣ የበቆሎ ንፍሮ በድስት ይዛ ጎጆዋ ድረስ መጣች። «እኛ አለን፤ አንቺ ሄደሽ ተኚ።»

«አይለቀኝም።»

«እንደያዘሽ ተኚዋ።»

ኖዙኮ ሰሌኑ ላይ ጋደም አለች። ሴቶቹ ስለ ዘገየው ዝናብ ያወራሉ፤ ሽማግሌው የቀሚሷን ጠርዝ በሁለት እጁ ጨብጦ አጠገቧ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ልትነሣ ሞከረች፤ ሁለት ጊዜ ጎተታት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።