የመዶሻ እንግሊዝኛ

ቄራ ውስጥ በሬ የሚጥለውን ሰውዬ መዶሻ ይሉታል። ስሙን ያገኘው ግን ከበሬ ሳይሆን ከሰው ግንባር ነው፤ ሲናደድ እጁ ከአፉ ይቀድማል። የሚዛን ያዡን የፊት ጥርስ ያራገፈ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ጠርቶ፣ «ከእንግዲህ አንድ ቡጢ ብትሰነዝር ወጥተህ ትቀራለህ» አለው። በዚያው ሰሞን ከውጭ ለሚመጡት መርማሪዎች ሥጋውን በእንግሊዝኛ የሚያስረዳ አለቃ ተፈለገ። መዶሻ ልቡ ከጀለ።

ታላቅ እህቱ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ከሥራ ሲመለስ ጓዳዋ ታስቀምጠውና ማማሰያ ይዛ ትጀምራለች።

«ይሄ ምንድነው?»

«ናይፍ።»

ጣቱ ላይ ጧ!

«እታለም፣ ቢላ አይደለም እንዴ?»

«ቢላማ ነው። ራቁቱን አትጥራው አላልኩህም? ኤ ናይፍ!»

ማስረዳትም ታውቅበታለች። «በረት ካሉት የትኛውም ይሁን፣ አን ኦክስ ነው። አንዴ ግንባሩን ካልከው በኋላ ግን እሱ ራሱ ነው፤ ዘ ኦክስ። እኛ በሬው ስንል ጭራው ላይ የምንለጥፋትን እነሱ ከፊት ያስቀድሟታል።»

«አን ደግሞ ከየት መጣች?»

«ኤ ኦክስ በል እስቲ፣ ጉሮሮህ ካልተያዘ!»

ሞከረ፤ ተያዘ። ሰፈር የሚፈራው ሰውዬ ጣቱ አብጦ፣ ኤ ሊቨር፣ ኤ ኪድኒ፣ አን አክስ እያለ ከረመ።

የፈተናው ቀን እህቱ እስከ ቄራው በር ሸኘችው። በሩ ላይ መንጠቆ የሚሉት ባልደረባው ቆሟል። ሥጋ ሰቃይ ነው፣ ያንኑ ሹመት ይፈልጋል። መዶሻን አንዴ እንዲማታ ካደረገው ሹመቱ የሱ ነው።

«ዛሬ ደግሞ በሞግዚት መጣህ?» አለና አፉን በቡጢ አለው። ደም ፊን አለ። የመዶሻ እጅ በራሱ ጊዜ ተነሳ።

«እጅህን ኪስህ!» አለች እህቱ።

ከተተው። መንጠቆ ደገመለት፤ ቅንድቡ ተተረተረ። መዶሻ ኪሱን ከውስጥ ጨምድዶ ቆመ።

እሷን ግን እንዳትማታ ያስጠነቀቃት ሥራ አስኪያጅ የለም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ማማሰያውን አወጣች። ጆሮ ግንዱን አለችው፣ አፍንጫውን አለችው፣ ሲወድቅ ጉልበቱን አለችው። የተወችው ማማሰያው ሲሰበር ነው።

«እትዬ፣ ይበቃዋል!» አለ ዘበኛው።

«አንተም ትፈልጋለህ?»

አልፈለገም።

ፈታኙ ደም በደም የሆነ ሰው ሲገባበት ደንግጦ፣ ምን ሆነህ ነው አለው በእንግሊዝኛ። መዶሻ ደሙን ዋጥ አድርጎ፣ «ኤ ማን ሂት ሚ። ዘ ማን ኢዝ ኦን ዘ ግራውንድ» አለ።

«አንተ ነህ የጣልከው?»

«ኖ። ማይ ሲስተር።»

ፈታኙ በመስኮት አየ። መንጠቆ እየዳኸ አፍንጫውን ይፈልጋል። ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ ሹመቱን ሰጠው።

መዶሻ አዲስ ማማሰያ ገዝቶ እህቱ ቤት ሄደ። ተቀበለችው፣ መዘነችው፣ ጣቱን አለችው።

«ኧረ ምን አጠፋሁ?»

«ነገ ታጠፋለህ፤ ቀብድ ነው።»