ሁለት ጣት ቅርፊት

ቂመኛ ነኝ። እናቴ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያለች ስትገስጸኝ ኖራ ሞተች። ከሞተች በኋላ ደግሞ በእሷው ምክንያት ባሰብኝ።

ቀጨኔ፣ እኔና እናቴ ከአንድ ጎረቤት ጋር በአንድ በር የምንገባበት ጠባብ ግቢ ነበረን። ጎረቤታችን ሚስቱ የሞተችበት፣ ጡረታ የወጣ አትክልተኛ ነው። ፊት ለፊት «ጋሼ» እያልኩ አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ወረቀት ላይ ግን ማንም ስለማይቆጣኝ አላከብረውም።

እናቴ ሆስፒታል በተኛችበት ሳምንት፣ በልጅነቴ ከመስኮቷ ፊት የተከለቻትን ወይራ አስቆረጣት። «ቅጠሏ አሸንዳዬን ደፈነው» አለኝ። እናቴን ደግፌ ሳስገባት ጉቶውን አየች። መስኮቱን እንድዘጋላት ብቻ ጠየቀችኝ፤ እስክትሞትም አላስከፈተችኝም። ለቅሶው ላይ እሱ ድንኳን ሲተክል፣ ወንበር ሲያመላልስ ዋለ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ እጆቹን ነበር የማየው።

እሱም የሚወደው ዛፍ ነበረው፤ ሚስቱ የተከለችው ኮክ።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ዛፍ እየሳልኩ ግንዱ ላይ ቀለበት አዙሬበታለሁ። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ የሠራውን ግን ሁሉንም ለራሱ አያስቀርም። ከቅርፊቱ ሥር ወደሚወርዱት ቀጫጭን ቱቦዎች ይጭነዋል። ስኳሩ ውኃ ይስባል፣ ውኃው ደግሞ ስኳሩን ወደ ፍሬና ወደ ሥር ይገፋዋል። ሥር ጨለማ ውስጥ ነውና የሚኖረው ቅጠል በላከለት ነው። ቅርፊቱ ዙሪያውን ከተላጠ መንገዱ ይቆረጣል። ውኃ ግን በእንጨቱ ውስጥ መውጣቱን ስለማያቆም ዛፉ ለምለም እንደሆነ ይቆያል። ተማሪዎቼ «ታዲያ መቼ ይሞታል?» ሲሉኝ፣ «ሥሩ ያጠራቀመውን በልቶ ሲጨርስ» እላቸዋለሁ።

ይህ የዘገየ ሞት ደስ አለኝ። መጥረቢያማ ምሕረት ነው።

በሚያዝያ መድኃኔዓለም፣ እሱ ሊሳለም እንደወጣ የሽንኩርት ቢላዬን ይዤ ኮኩ ሥር ተንበረከክሁ። ሣሩ በሚሸፍነው በኩል፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቅርፊት ዙሪያውን ላጥሁ። እየላጥሁ ሰውዬውን እሰድበው ነበር።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው «እንደምን አደሩ ጋሼ?» እያልኩ ዛፉን አየዋለሁ። ቅጠሎቹ ምንም ሳያውቁ ስኳራቸውን ይጭናሉ። እኔም እያስተማርሁት የዘነጋሁት ነገር ነበር፤ መውረጃ ያጣ ስኳር የትም አይጠፋም፣ ወደ ፍሬው ይሄዳል። ሰኔ ላይ ኮኮቹ ተነፍተው ቅርንጫፎቹን አጎነበሷቸው። ተናደድሁ። ልቀጣው ብዬ ደገስሁለት!

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሳህን ኮክ ይዞ በሬን አንኳኳ።

«ዘንድሮ እንዴት እንደጣፈጠ! እስቲ ቅመሺው» አለኝ።

«ምን አግኝቶት ነው ጋሼ?»

«መውረጃ አጥቶ ነዋ።»

ሳህኑን ከእጁ ተቀበልሁ። እኔ የተማርሁት በመጽሐፍ ነበር፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከዛፍ ሥር ኖሯል። እንዴት እንዳልገባኝ!

«የዚያን ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው ያየሁት» አለ። «ገና እርጥብ ነበር። ከተላጠው በላይና በታች ያለውን የሚያገናኝ ቀንበጥ ባጋባበት ይድን ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላዳኑትም?»

«ቀንበጡን ቆርጬ፣ ቢላዬን ይዤ ቀና ስል የእናትሽን የተዘጋ መስኮት አየሁት። ተውኩት በቃ። ለከርሞ አይኖርም፤ ብዪ።»

ሄደ። በሩን ዘግቼ ቆሜ በላሁ፤ ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። እንዲህ የጣፈጠ ኮክ በልቼ አላውቅም። እንዲከሰኝ፣ እንዲጮህ፣ ለሽማግሌ እንዲነግርብኝ ነበር የፈለግሁት፤ ያን ጊዜ የወይራዋን ነገር በሰው ፊት እዘረግፍለት ነበር። እሱ ግን የቀጣሁትን ቅጣት ከእጄ ወስዶ በገዛ እጁ ፈጸመው፤ ለእኔ የሚቀር ነገር አላስቀረልኝም። ወይራዋን ምናልባት አንድ ቀን ይቅር እለው ይሆናል። ይህን ግን መቼም ይቅር አልለውም።